የሜዱዛን ርብራብ መቅዳት፦ የዘይት ቀለም ሥዕል እንዴት ይለመዳል?

በእጅ ሥራ ክፍሉ በስተኋላ በኩል ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን፣ ሰዎች በባሕር ላይ ተከምረው የሚታዩበትን ሥዕል ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። «ምንድን ነው? ማን ሣለው? ለምን እንዲህ ጨለመ?» የሚሉ ጥያቄዎች በየቀኑ ይቀርቡልኛል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ የክፍላችን ልጅ ሥዕሉን ከመጽሐፉ ጋር ሲያስተያይ ቆይቶ፣ «አንቺ፣ ይኼ እኮ ኩረጃ ነው!» ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ለመናገር አናደደኝ። ሆኖም ማታ ተኝቼ ነገሩን ሳብሰለስለው ጥያቄው የቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ስለሆነም ሥራውን ከመጀመሪያው አንስቼ ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ነገሩ የቆየ ቂምም አለበት። 4ኛ ክፍል ሳለሁ ከደብተር ሽፋን ላይ አንድ አውራ ዶሮ ቀድቼ ለሥዕል ክፍለ ጊዜ ባቀርብ መምህሬ «ከራስሽ አምጪ» ብለው ዜሮ ሰጡኝ። ዶሮው እኮ ያምር ነበር! ጅራቱን ብቻ ለመሣል ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ደረጃን እስክጨርስ ድረስ ሥዕል የሚባል ነገር በእጄ አልነካሁም። አሁን ደግሞ ሥልጠናችን ሲያበቃ እኔም ልጆች ፊት መቆሜ አይቀርም። አንዱ ልጅ የተቀዳ ዶሮ ይዞ ቢመጣ ምን ልለው ነው? መቅዳት የሚያስተምረውንና የማያስተምረውን በራሴ እጅ ልሞክረው ብዬ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ለመቅዳት የመረጥኩት ሥዕል «የሜዱዛ ርብራብ» ይባላል። ሠዓሊው ቴዎዶር ዤሪኮ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን በ1791 ሩዋን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ሥዕሉን በ1818 እና በ1819 ሣለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዋናው ሥዕል ዛሬ ፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። ቁመቱ 4 ሜትር ከ91፣ ወርዱ 7 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህም ወደ 35 ካሬ ሜትር ይጠጋል ማለት ነው፤ የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ አይበቃውም። እንዲህ ያለ ስፋት በዚያ ዘመን ለነገሥታት፣ ለቅዱሳንና ለጦር ድል ሥዕል ነበር የሚሰጠው። ዤሪኮ ግን በመርከብ አደጋ ለተጎዱ፣ ስማቸው ለማይታወቅ ሰዎች ሰጠው። በዚያን ጊዜ ሮማንቲሲዝም የተባለው የጥበብ ዘዴ ብቅ እያለ ነበርና፣ ከተስተካከለ ውበት ይልቅ ለብርቱ ስሜት፣ ለአደጋና ለሰው ልጅ ስቃይ ቅድሚያ የሚሰጠው ይህ ዘዴ ሲነሳ የዤሪኮ ሥዕል ሁልጊዜ አብሮ ይጠራል።

የሥዕሉን ታሪክ ሳያውቁ መቅዳት አይቻልም፤ ቢቻልም ዋጋ የለውም። በሰኔ 1816 ሜዱዛ የተባለች የፈረንሳይ የጦር መርከብ 400 ያህል ሰዎች ይዛ ወደ ሴኔጋል ጉዞ ጀመረች። በውስጧ አዲሱ የሴኔጋል ገዢ፣ ወታደሮችና ሠፋሪዎች ነበሩ። አዛዡ ሾማሬ የሚባል መኳንንት ሲሆን ለሃያ ዓመት ያህል ባሕር ላይ ያልሠራ፣ ሹመቱን ያገኘው በችሎታው ሳይሆን ለንጉሡ ባሳየው ታማኝነት ነበር። ሐምሌ 2 ቀን መርከቢቱ በሞሪታኒያ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ከአሸዋ ክምር ላይ ወጥታ ተቸነከረች። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ለሁሉም አልበቁም። ስለዚህ ከመርከቢቱ ምሰሶና ሳንቃ 20 ሜትር በ7 ሜትር የሚሆን ርብራብ በገመድ ተጠፍሮ ተሠራና 147 ሰው ተጫነበት። ርብራብ ማለት መቅዘፊያም መሪም የሌለው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የእንጨት አልጋ ነው በሉት። ጀልባዎቹ በገመድ ሊጎትቱት ነበር ስምምነቱ። ብዙም ሳይሄዱ ገመዱ ተለቀቀ፤ ጀልባዎቹም ጥለዋቸው ሄዱ።

ርብራቡ ላይ የነበረው ስንቅ ጥቂት ብስኩትና ብዙ የወይን ጠጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ ከባድ ነው፤ እርስ በርስ ተገዳደሉ፣ ደካማውን ወደ ባሕር ወረወሩ፣ የሞተ ሰው ሥጋ እስከ መብላት ደረሱ። በ13ኛው ቀን አርጉስ የተባለች መርከብ ስታገኛቸው በሕይወት የነበሩት 15 ብቻ ነበሩ፤ ከነሱም 5ቱ ወዲያው ሞቱ። ከተረፉት መካከል ሐኪሙ ሳቪኒና መሐንዲሱ ኮሬያር በ1817 ያዩትን ጽፈው አሳተሙ። አዛዡም በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሦስት ዓመት!

ዤሪኮ ይህን መጽሐፍ አንብቦ ወዲያው ብሩሽ አላነሳም። እዚህ ላይ ነው እኔ ትምህርት ያገኘሁት። ከሳቪኒና ከኮሬያር ጋር ተገናኝቶ ጠየቃቸው። ርብራቡን የሠራውን አናጺ ፈልጎ ትንሽ አምሳያ አሠራ፤ በላዩም ከሰም የሠራቸውን ሰዎች እያሰፈረ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍ አየ። ሆስፒታል አቅራቢያ ሥፍራ ተከራይቶ የሕሙማንንና የሬሳን መልክ አጠና፤ የተቆረጠ እጅና እግር እንኳ ወደ ሥራ ክፍሉ አምጥቶ ይሥል ነበር። ከቤት ላለመውጣት ሲል ጸጉሩን ተላጨ። ወዳጁ ደላክሯ፣ ኋላ ራሱ ስመ ጥር ሠዓሊ የሆነው፣ በፊቱ ተደፍቶ የተኛውን ሰው ሆኖ ተቀመጠለት። ከሄይቲ የመጣ ጆሴፍ የተባለ ጥቁር ሰውም ሞዴል ሆኖለታል። በሥዕሉ ውስጥ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ጨርቅ የሚያውለበልበው ሰው ጥቁር ነው። ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ያስቀረችው በ1848 መሆኑን ስናስታውስ፣ ከዚያ 29 ዓመት ቀደም ብሎ ጥቁር ሰውን በሥዕሉ አናት ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የትኛውን ቅጽበት ይሣል? ዤሪኮ ጠቡንም፣ የሰው ሥጋ መብላቱንም፣ የመጨረሻውን መዳንም በንድፍ ሞክሯል። በመጨረሻ የመረጠው ግን አርጉስ ከአድማስ ላይ እንደ ነጥብ የታየችበትን ጊዜ ነው። ገና አላየቻቸውም። እንዲያውም ነፋሱ ሸራውን ነፍቶ ርብራቡን ከመርከቢቱ በተቃራኒ እየገፋው ነው። በግራ በኩል ከታች ሬሳዎችና የሞተ ወጣት ታቅፎ ጀርባውን ለተስፋ የሰጠ ሽማግሌ አሉ፤ ከዚያ ዓይናችን በሰዎቹ ገላ ላይ እየተንጠላጠለ በሰያፍ ወደ ቀኝ ይወጣና ጨርቁ ላይ ይደርሳል። እኔ መጽሐፉን ስመለከት ይህን ሰያፍ አላየሁም ነበር። ያየሁት በመቅዳት ላይ እያለሁ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሽፏል። ገበያ ሄጄ አቡጀዲ ገዛሁ፣ በእንጨት ፍሬም ላይ በምስማር ወጠርኩና ምንም ሳልቀባው ቀለሙን ጫንኩበት። ጨርቁ ዘይቱን ሁሉ ጠጥቶ ቀለሙ እንደ ኖራ ፈዝዞ ቀረ። ኋላ እንደተረዳሁት ዘይት በቀጥታ የነካው ጨርቅ ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። ስለዚህ በቅድሚያ በቀጠነ ኮላ መቀባት፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ኮላና ጄሶ ቀላቅሎ ሁለት ጊዜ መደረብ ያስፈልጋል። ጄሶው ቶሎ እንዳይጠጥር አስቀድሞ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ደጋግሞ ማማሰል ይገባል። ጄሶ በጨርቅ ላይ ሲወፍር ስለሚሰነጠቅ ለጀማሪ ከጨርቅ ይልቅ ፋይዜት ይሻላል። እኔም ሁለተኛውን የሠራሁት በፋይዜት ላይ ነው፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ። ዋጋውም ከአቡጀዲው አይበልጥም፤ ቁራጭ ከአናጺ ቤት ከተገኘ ደግሞ በነፃ ነው።

ልኩን አንድ አሥረኛ አደረግሁት፤ ይኸውም ቁመቱ 49፣ ወርዱ 72 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል ቁመቱ 24 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ ልክ እጥፍ መሆኑ ጠቀመኝ። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ መስመር ማስመር ነውር ስለሆነ በላዩ ግልጽ ላስቲክ አንጥፌ በላስቲኩ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ካሬዎች አሰመርኩ። በፋይዜቱ ላይ ደግሞ የ7 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች። በቁመት 7፣ በወርድ 10 ካሬ ይወጣል፤ በስተቀኝ ጠባብ ትርፍ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው በከሰል መሙላት ነው። ምስጢሩ «እጅ ልሣል፣ ራስ ልሣል» ብሎ አለማሰብ ነው። «መስመሩ ካሬውን ከየት ገብቶ በየት ይወጣል?» ብቻ ነው የሚጠየቀው። አእምሯችን እጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ ብሎ ስለሚቸኩል ዓይንን ያታልላል፤ ካሬው ግን ዓይን ሥራውን እንዲሠራ ያስገድደዋል። ለሒሳብ ተማሪዎቻችንም ስለ ንጽጽርና ስለ ልኬት ጥሩ መልመጃ ይመስለኛል፤ ይህን እግረ መንገዴን ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ የትዕቢት ነበር። ዤሪኮ ነጩ ሸራ ላይ ንድፉን አስምሮ፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ከሞዴል እያየ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጨረሰ ነበር የሚሄደው። እኔም «እንደ ባለቤቱ ልሥራ» ብዬ ከሽማግሌው ጀመርኩ። ሽማግሌው ጥሩ ወጣ። ሁለተኛው ሰው ጥሩ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሽማግሌው እንደ ፀሐይ አብርቶ፣ ሌሎቹ ጥላ ሆነው አገኘኋቸው። ዤሪኮ ይህ ያልደረሰበት የወራት ንድፍ በእጁ ስለነበረ ነው፤ እኔ ግን ምንም የለኝም። ስለዚህ ሁሉንም በጨርቅ ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ጊዜ ቡኒ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ መላውን ሥዕል በብርሃንና በጥላ ብቻ፣ ያለ ሌላ ቀለም፣ ሠራሁት። ሰማዩ ከማዕበሉ ይደምቃል ወይስ ይጠቁራል? የሬሳው ደረት ከጨርቁ ይበልጥ ነጭ ነው ወይ? ይህ ሁሉ በአንድ ቀለም ከተፈታ ቀሪው ይቀላል።

ቀለሙን ስንደራርብ ሕግ አለ። ከሥር ያለው ቀጭን፣ ከላይ ያለው ቅባታም መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሽፋን በአኳራጅ ይቀጥናል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ የተልባ ዘይት ይጨመራል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። አኳራጅ ይተንናል፤ የተልባ ዘይት ግን አይተንም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። ለመዳሰስ ለመድረስ ቀናት፣ እስከ ውስጡ ለመድረቅ ግን ወራት ይፈልጋል። በዘይት የወፈረውን ከሥር አድርገን ቀጭኑን ከላይ ከደረብን፣ ላዩ ቶሎ ጠጥሮ ሥሩ ገና እየተንቀሳቀሰ ላዩን ይሰነጥቀዋል። እንደ ክረምት ጭቃ ላዩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ማለት ነው። በሥዕሌ ቀኝ ታችኛ ጥግ ያለው ስንጥቅ የዚህ ስህተት ውጤት ነው፤ ለማስተማሪያ ብዬ አልደፈንኩትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ግዴታ ነው። አኳራጅም ሲሠራበት መስኮት ይከፈት።

ስለ ጨለማው የጠየቃችሁኝ አሁን መልስ ላገኝላችሁ ነው። ዤሪኮ ጥቁር ጥላዎቹን ለማድመቅ ቢትመን የተባለ የሬንጅ ዘመድ የሆነ ቀለም ተጠቅሟል። ቢትመን ሲቀባ ጥልቅና የሚያብረቀርቅ ቡኒ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፤ እያደር ይጠቁራል፣ ይኮማተራል፣ ይተረተራል። ሥዕሉ ከተሣለ አርባ ዓመት ሳይሞላው እየተበላሸ መሆኑ ታወቀና ሉቭር ጊዬሜና ሮንዣ የተባሉ ሁለት ሠዓሊዎችን በ1859 እና በ1860 በትክክለኛው መጠን ቅጂ እንዲሠሩለት አደረገ። ያ ቅጂ ዛሬ አሚየን በተባለችው ከተማ በፒካርዲ ቤተ መዘክር ይገኛል። ዋናው እየጠቆረ ሲሄድ በዋናው የማይታየውን ዝርዝር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ቅጂውን ይመለከታል። «ኩረጃ» ያልከኝ ወንድሜ ይህን ልብ ይበልልኝ!

እኔ ቢትመን የለኝም፤ ቢኖረኝም አልነካውም። ቡኒና ሰማያዊ ስቀላቅል ጥሩ ጥቁር ይወጣል፤ ከቱቦው ጥቁር የበለጠ ሕይወት አለው። በጠቅላላው የተጠቀምኩት ስድስት ቱቦ ነው፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ የአፈር ብጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡኒ። ለገላው መጀመሪያ ነጭና ቀይ ብቀላቅል ሬሳዎቹ የከረሜላ መልክ አመጡ። በአፈር ብጫና በጥቂት ሰማያዊ ካበረድኩት በኋላ ነው ሞት የመጣበት። ትክክለኛውን መልክ ግን አግኝቻለሁ ብዬ አልደፍርም። ያሉኝ ሁለት መጻሕፍት ናቸው፤ በአንዱ ሰማዩ ቡናማ፣ በሌላው አረንጓዴ የቀላቀለ ነው። የማተሚያ ቤት ቀለም ከሠዓሊው ቀለም ጋር አንድ አይደለምና ከሕትመት የሚቀዳ ሰው የብርሃንና የጥላውን ልክ እንጂ የቀለሙን ልክ ማመን የለበትም።

መቅዳት የማያስተምረውም አለ። ተደፍቶ ከተኛው ሰው የተንጠለጠለውን ክንድ አሥር ጊዜ ብቀዳውም ዱላ ሆነብኝ። በመጨረሻ አብራኝ የምትኖረውን ጓደኛዬን ለምኜ አልጋዋ ላይ በሆዷ አስተኛኋትና ክንዷን ወደ ወለሉ እንድትጥለው አደረግሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደሟ ወደ ጣቶቿ ወርዶ እጇ ሲከብድ፣ ትከሻዋ ከአንገቷ ሲለይ አየሁ። ክብደቱ ያኔ ገባኝ። ፕሮክተሯ በር ከፍተው ሲገቡ ልጅቷ የታመመች መስሏቸው «ክሊኒክ አላደረሳችኋትም እንዴ?» ብለው ደነገጡ። ክንዱ ግን ተሣለ። ዤሪኮ ደላክሯን አስተኝቶ ያገኘውን እኔ በአንዲት የመኝታ ክፍል ጓደኛ አገኘሁት፤ ከመጽሐፉ ግን አላገኘሁትም።

ወደ ኩረጃው ልመለስ። ፈተና ላይ የሚኮርጅ ሰው ሥራውን ዘልሎ መልሱን ይወስዳል። ሥዕል የሚቀዳ ግን አንድም ሥራ አይዘልም፤ መልሱ ፊቱ ተቀምጦ እንኳ እያንዳንዷን እርምጃ ራሱ መሄድ አለበት። ዤሪኮም በወጣትነቱ ሉቭር ተቀምጦ የሩበንስንና የቲሲያንን ሥዕሎች ይቀዳ ነበር። ሉቭር በ1793 ሲከፈት ጀምሮ ቀጂዎችን ሲያስተናግድ ኖሯል፤ ዛሬም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ቅጂው ከዋናው ጋር በመጠን እኩል እንዳይሆን ደንብ አለው። በአገራችንም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የመምህሩን እጅ እየተከተለ ነው የሚያድገው። ነውር የሚሆነው ምንጩን መደበቅ ነው። ስለዚህ ከሥዕሌ ጀርባ «ከዤሪኮ የተቀዳ» ብዬ በትልቁ ጽፌአለሁ፤ ገልብጣችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ለዚያ ዶሮ ይዞ ለሚመጣው ልጅ ደግሞ ያሰብኩት ይህ ነው። ዜሮ አልሰጠውም። «የት አየኸው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ «እስቲ ይህንኑ ዶሮ ከኋላው ሣልልኝ» እለዋለሁ። የደብተሩ ሽፋን የዶሮውን ኋላ አያሳይም፤ ስለዚህ ልጁ ወደ ግቢያቸው ሄዶ እውነተኛ ዶሮ ማሳደድ ይኖርበታል። ክብደቱና ላባው የሚገባው ያኔ ነው። የማስተማር ዘዴ መምህራችን ይህን ስነግራቸው «ዶሮ የሌላቸው ልጆችስ?» አሉኝ፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ሥዕሉ አላለቀም። አርጉስን አልሣልኳትም። በእኔ ልክ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች፣ በብሩሽ ጫፍ አንዴ ብቻ የምትነካ ነገር ናት፤ ነገር ግን አድማሱ ገና ስላልደረቀ ብነካት ከሰማዩ ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች። ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ። እስከዚያ ድረስ እባካችሁ በጣት አትንኩት። በስተግራ ያለው ትልቁ ማዕበል ላይ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት የአውራ ጣት ምልክት ታትሞበታል።